ላይሰንሷን «ኢንአክቲቭ» ያደረገችው ነርስ፦ የአንድ ጉዳይ ጥናት

## ለምን እንደጻፍኩት

በቅርቡ ብቻ ሦስት ሰው ደውሎ ያንኑ ጥያቄ ጠይቆኛል። «እናቴ ታማብኛለች፣ አገር ቤት ልሄድ ነው፣ ከርሜ ነው የምመለሰው፤ ላይሰንሴን ምን ላድርገው?» እኔ ነርስ ነኝ እንጂ የሕግ ሰው አይደለሁም። ግን የአንዲት ጓደኛዬን ጉዳይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አውቀዋለሁ። ግማሹን ወረቀት የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ከስህተቶቹም አንዱ የእኔ ነው። በየስልኩ ከምደጋግመው አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። እሷም ፈቅዳለች፤ «ጻፊው፣ እኔን ግን ደብቂኝ» ነው ያለችው። ስለዚህ የሰው ስም የለም፣ ሆስፒታሉም አይጠራም።

ታሪኩ የቨርጂኒያ ነው። አሜሪካ ውስጥ የነርስ ላይሰንስ የሚሰጠው የፌዴራሉ መንግሥት ሳይሆን የየስቴቱ ነርሲንግ ቦርድ ነው፤ እዚህ ያነበባችሁት ሌላ ስቴት ላይ እንዳለ ላይሠራ ይችላል። ልዩነቱን ወደ መጨረሻው በጥቂቱ አነሳዋለሁ።

## ባለጉዳይዋ

በዲቪ ነው የመጣችው። አዲስ አበባ እያለች የሒሳብ ሠራተኛ ነበረች፤ ነርስነትን የተማረችው እዚህ ነው። እንደ ብዙዎቻችን በሲኤንኤ፣ በረዳት ነርስነት፣ ጀመረች፤ ቀን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ማታ ነርሲንግ ሆም እያለች አርኤን፣ የተመዘገበች ነርስ፣ ሆነች። የምትኖረው አሌክሳንድሪያ ነው። የምትሠራው ግን ድልድዩን ተሻግራ ሜሪላንድ ባለ ሆስፒታል ነው፤ ሜድ-ሰርጅ (የውስጥ ደዌና የቀዶ ሕክምና ክፍል)፣ በሳምንት ሦስት ሌሊት፣ ሌሊቱ 12 ሰዓት።

ቨርጂኒያ እየኖረች ሜሪላንድ መሥራት የቻለችው ሁለቱም ስቴቶች የነርሶች ኮምፓክት የሚባለው ስምምነት አባል ስለሆኑ ነው። የምትኖሩበት ስቴት «መልቲስቴት» ላይሰንስ ከሰጣችሁ በሌሎቹም አባል ስቴቶች በዚያው ትሠራላችሁ። ዋሽንግተን ዲሲ ያኔ አባል አልነበረችም። ስለዚህ እዚያ አልፎ አልፎ ለምትሠራው ፐር ዲየም (በተፈለገች ቀን ብቻ የምትገባበት ሥራ) ሌላ የዲሲ ላይሰንስ ነበራት። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ይመጣል።

ሌላው የልደት ቀን ነገር ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ የነርስ ላይሰንስ የሚታደሰው በየሁለት ዓመቱ ነው፤ የሚያበቃውም በተወለዱበት ወር የመጨረሻ ቀን። የተወለዱበት ዓመት ጎዶሎ ቁጥር ከሆነ በጎዶሎ ዓመት፣ ሙሉ ቁጥር ከሆነ በሙሉ ዓመት። ጓደኛዬ የተወለደችው ኅዳር 1965፣ ለጽዮን ማርያም ሰሞን ነው፤ በፈረንጅ 1972 መሆኑ ነው። ወረቀቷ ላይ ያለው ግን ጃንዋሪ 1 ቀን 1973 ነው። እንዴት እንዲህ እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል። ስለዚህ ላይሰንሷ የሚያበቃው በየጎዶሎ ዓመቱ ጃንዋሪ 31 ነው፤ እሷ ግን ጃንዋሪን ከልደቷ ጋር አያይዛ ስለማታውቅ የምታስታውሰው ሁልጊዜ ኢሜይሉ ሲመጣ ነበር።

## ችግሩ

ጥቅምት 2015 መጨረሻ ላይ ታናሽ ወንድሟ ደወለ። ናይት ላይ ነበርን። የመድኃኒት ክፍል ውስጥ ሆና አነሳችው፣ ከዚያ ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። እዚያ ጠዋት ነው። እናቷ ቡና ሊቀዱ ሲሉ ስኒው ከእጃቸው ወድቆ፣ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሞ ነው ያገኟቸው። ስትሮክ ነበር።

ኖቬምበር 2022 አጋማሽ ላይ ሄደች። ሆስፒታሉ በፌዴራሉ የቤተሰብ ፈቃድ ሕግ መሠረት 12 ሳምንት ያለ ደሞዝ ሰጣት። ይበቃኛል ብላ ነበር። የእናትየው ግራ ጎን ግን አልተመለሰም። በየሁለት ሰዓቱ የሚገለብጣቸው፣ በቱቦ የሚመግባቸው ሰው ያስፈልጋል። ወንድሟ ሥራ አለው። ሰው ቀጥራ ሞከረች፣ ሁለት ሠራተኛ በአንድ ወር ሄደባት። ለገና ስንደዋወል እንደማትመለስ ገብቷት ነበር።

በዚያው ሳምንት ከቦርዱ ኢሜይል መጣ፤ ላይሰንሱ ጃንዋሪ 31 ቀን 2023 ያበቃል ይላል። ምርጫው ሦስት ነው፤ አክቲቭ አድርጎ ማደስ፣ ኢንአክቲቭ አድርጎ፣ ማለትም ሳይሠሩበት አስተኝቶ፣ ማደስ፣ ወይም ዝም ብሎ እንዲያልፍበት መተው።

ያሰበችውን እንዲህ ነገረችኝ። አንደኛ፣ ሥራ ላይ ያልሆነ ሰው «አክቲቭ ነኝ» ብሎ መሙላት ውሸት ነው፤ ቦርድን መዋሸት ደግሞ ላይሰንስ ያስነጥቃል። ሁለተኛ፣ ለማደስ የሚጠየቀውን ትምህርት፣ ሲኢ የምንለውን፣ በሆስፒታሉ የኦንላይን ሥልጠና ወስዳለች፤ ሰርተፊኬቶቹ ግን እዚያው ሲስተም ውስጥ ናቸው፣ ሲስተሙ ደግሞ ከሆስፒታሉ ኔትወርክ ውጪ አይከፈትም። ሦስተኛ፣ ኢንአክቲቭ በግማሽ ዋጋ ነው፤ ለአርኤን አክቲቭ 140 ዶላር፣ ኢንአክቲቭ 70። ብር ሁሉ ለመድኃኒትና ለዳይፐር እየወጣ 70 ዶላር ቀላል አይደለም።

እኔ ምን አልኩ? «እንግዲያው ኢንአክቲቭ አድርጊዋ፣ ስትመጪ ትከፍቺዋለሽ።» ስህተቱ የእኔ ነው ያልኩት ይህንን ነው። ደንቡን አላነበብኩም። ቡና ላይ የሰማሁትን ነው የነገርኳት።

## ኢንአክቲቭ ምንድን ነው፣ ምንስ አይደለም

ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ቨርጂኒያ ውስጥ ኢንአክቲቭ ማድረግ የሚቻለው ላይሰንሱ ገና ሳያበቃ፣ እገዳም ሳይኖርበት፣ በማደሻው ቅጽ ላይ በመጠየቅ ነው። ግማሽ ክፍያ ትከፍላላችሁ፣ ሲኢ አትጠየቁም። በምትኩ የነርስ ላይሰንስ የሚጠይቅ ሥራ መሥራት አትችሉም። ኮምፓክት ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ የቨርጂኒያው ሲተኛ መልቲስቴቱም አብሮት ይተኛል። ጓደኛዬ «የቨርጂኒያውን ብቻ ነው የዘጋሁት» ስትል ሜሪላንድንም አብራ እንደዘጋች አላወቀችም ነበር። የዲሲው ግን ራሱን የቻለ ላይሰንስ ስለሆነ በራሱ ቀን ላይ ቆጠራውን ይቀጥላል።

ቅጣት አይደለም። ይህን ደጋግማ ጠይቃኛለች፤ «ስሜ ላይ ጥቁር ነጥብ ይሆናል እንዴ?» አይሆንም። ማንም ሰው ኦንላይን ስሟን ፈልጎ ሲያይ «ኢንአክቲቭ» የሚል ያገኛል፣ በቃ። ጥቁር ነጥብ የሚሆነው ሌላ ነገር ነው። ክስ ወይም ምርመራ እያለበት ላይሰንሱን በፈቃዱ የሚያስረክብ ሰው አለ፤ ያ በብሔራዊው የባለሙያዎች መዝገብ ላይ ይሰፍራል። የሥራ ማመልከቻ ላይ «ላይሰንስ አስረክበህ ታውቃለህ ወይ» ተብሎ የሚጠየቀውም እሱ ነው። ሁለቱን አታምታቱ።

ዝም ብሎ እንዲያልፍበት መተውም ሌላ ነው። ያለፈበትን ላይሰንስ ማስመለስ ተጨማሪ ክፍያ አለው፣ ብዙ ከቆየ ማመልከቻውም ይከብዳል፣ በዚያ መሐል ሳያውቁት አንድ ሺፍት ከሠሩ ደግሞ ያለ ላይሰንስ መሥራት ይሆናል። ከሦስቱ ምርጫዎች በምንም ሁኔታ የማልመክረው ይህንን ነው።

## ያደረግነው

ጃንዋሪ 20 አካባቢ በስልክ ሆነን የቦርዱን ፖርታል ከፈትን። እሷ ቦሌ አካባቢ ካለ ካፌ፣ ቤት መብራት ስለሌለ፤ እኔ ከሺፍት ወጥቼ ፓርኪንግ ውስጥ መኪና ላይ። የመግቢያው ኮድ ወደ አሜሪካ ስልኳ ነው የሚላከው፣ ስልኩ ደግሞ ተዘግቷል። ወደ ኢሜይል እስክናዞረው ድረስ ሦስት ጊዜ ተባረርን። በመጨረሻ ኢንአክቲቭ የሚለውን መርጣ 70 ዶላሯን ከፈለች።

በዚያው ዕለት አንድ ጥሩ ነገር አደረግን። የአድራሻ መዝገቧን ቀየርን። ቨርጂኒያ አድራሻ ሲቀየር በ30 ቀን ውስጥ ለቦርዱ ማሳወቅ ግዴታ ነው። አፓርታማዋን ለቃ ዕቃዋን እኔ ቤዝመንት ስላስቀመጠች የእኔን አድራሻ ሞላን። ከዚያ በኋላ የመጣው ወረቀት ሁሉ እኔ እጅ ገባ፤ ፎቶ እያነሳሁ በዋትሳፕ እልክላታለሁ። የዲሲውን ግን ረሳነው። እሱ አሮጌው አድራሻዋ ላይ ቀረ።

ፌብሩዋሪ ላይ ፈቃዷ ሲያልቅ ከሥራ መልቀቂያ አስገባች። የሥልጠና ሰርተፊኬቶቿም እዚያው ቀሩ።

## አዲስ አበባ ላይ

ኢንአክቲቭ ሆና በከረመችበት ጊዜ ሁለት ፈተና ገጥሟታል።

የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። በ2023 በጋ ላይ አንድ ኤጀንሲ ከቤት የሚሠራ ሥራ አቀረበላት፤ ቴሌፎን ትሪያጅ። በሽተኛ ይደውላል፣ ነርሷ ጠይቃ «ኤመርጀንሲ ሂድ» ወይም «ጠዋት ሐኪምህ ጋ ደውል» ትለዋለች። የአሜሪካ ሌሊት አዲስ አበባ ቀን ስለሆነ ሰዓቱ ይስማማታል። ክፍያው በዶላር ነው። ቅጥር የሚያነጋግራት ሰው «አርኤን እስከሆንሽ ድረስ ችግር የለም» አላት። ችግር አለ። ስልክ ላይ መወሰንም ነርስነት ነው፤ የሚገዛውም በሽተኛው ያለበት ስቴት ሕግ ነው፣ እሷ የትም ትሁን የት። በተኛ ላይሰንስ ያንን ሥራ መያዝ ያለ ላይሰንስ ከመሥራት አይለይም። «አልቀበልም» ብላ ስልኩን ስትዘጋ አለቀሰች። ላይሰንሷ አክቲቭ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ መነጋገር ይቻል ነበር፤ ያኔ ግን ይህን አላሰብነውም።

ሁለተኛው ሰፈር ነው። አንድ ጠዋት ጎረቤት የሆኑ አዛውንት የልጅ ልጃቸውን አስከትለው መጡ። በስስ ፌስታል የሴፍትሪያክሰን ብልቃጥ፣ ሁለት ሲሪንጅና የፋርማሲ ቁራጭ ወረቀት ይዘዋል። «የአሜሪካ ነርስ እያለሽልን ጤና ጣቢያ ምን አንከራተተን፣ ውጊልኝ ልጄ» አሉ።

«እማማ፣ እዚህ አገር ፈቃድ የለኝም» አለቻቸው።

«ፈቃድ ምን ያደርጋል፣ እጅሽ ነው እንጂ።»

እዚህ ላይ የቨርጂኒያው አክቲቭ ሆነ ኢንአክቲቭ ለውጥ የለውም። ኢትዮጵያ ውስጥ በጤና ሙያ የሚሠራ ሰው በኢትዮጵያ ተመዝግቦ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ለእናት ማገላበጥና መመገብ የልጅ ሥራ ነው፣ ማንም አይጠይቅም። ጎረቤት መውጋት ግን ሌላ ነው፤ ያ ብላቴና መርፌው ቢያስቆጣው ምን ይዛ ልትደርስለት ነው? ነጠላዋን ጣል አድርጋ አብራቸው ጤና ጣቢያ ሄደች፣ ሰልፉንም አብራቸው ጠበቀች። ሴትየዋ ለሁለት ሳምንት ኩርፊያ ላይ ነበሩ።

እናቷ ሐምሌ 2016 አረፉ። አርባቸውን አውጥታ፣ አዲሱ ዓመት ከገባ በኋላ፣ ሴፕቴምበር 2024 ሦስተኛ ሳምንት ላይ ተመለሰች።

## ስትመለስ የሆነው

የድሮ አለቃዋ ቦታ ነበራት። «ኦክቶበር 7 ኦሬንቴሽን አለ፣ ላይሰንስሽን አሳይተሽ ነይ» አለቻት። ሁለት ሳምንት ተኩል አለን፣ ይበቃል አልን። ያን ቀን ማታ ነው ደንቡን ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ብዬ ያነበብኩት። ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባ ጀመር።

ኢንአክቲቩን ለመክፈት በአክቲቭና በኢንአክቲቭ ክፍያ መካከል ያለው ልዩነት ይከፈላል። 70 ዶላር ማለት ነው። ያተረፍነው 70 ተመልሶ ተከፈለ። ከዚያ የትምህርት መስፈርቱ አለ፤ ማመልከቻው ከሚገባበት ቀን ወደ ኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ የተሟላ መሆን አለበት። ከሚቀበሏቸው መንገዶች ሁለቱ የታወቁ ናቸው፤ ወይ 30 ሰዓት ሲኢ፣ ወይ 15 ሰዓት ሲኢ እና 640 ሰዓት የነርስነት ሥራ።

ወረቀት አውጥቼ ደመርኩ። ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ስንቆጥር ሴፕቴምበር 2022 መጨረሻ ላይ እንደርሳለን። እስከ ኖቬምበር አጋማሽ የሠራችው ሰባት ሳምንት፣ በሳምንት 36 ሰዓት፤ 252። 640 አይሞላም። ስለዚህ ሙሉውን 30 ሰዓት መጨረስ አለባት።

አሁን ደግሞ ያንኑ ስሌት ጃንዋሪ 2023 ላይ አድርጉት። ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ሁለት ዓመት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀር በሳምንት ሦስት ሌሊት ሠርታለች። 640ውን በመጀመሪያው ግማሽ ዓመት አልፋዋለች። የሚያስፈልጋት 15 ሰዓት ሲኢ ብቻ ነበር። 15 ሰዓት ሁለት ቅዳሜና እሁድ ነው! በነፃ የሚገኝ ሞልቷል፣ ሲዲሲ ራሱ በነፃ የሚሰጣቸው አሉ። አክቲቭ አድርጋ ብታድሰው ኖሮ እስከ ጃንዋሪ 31 ቀን 2025 አክቲቭ ሆኖ ይቆያት ነበር። ሴፕቴምበር ላይ ከአውሮፕላን ወርዳ ኦክቶበር 7 ኦሬንቴሽን ትገባ ነበር።

«ውሸት ይሆንብኛል» ያለችውስ? ደንቡ ሥራ ላይ ነሽ ወይ ብሎ አይጠይቅም። አክቲቭ ማለት እየሠራሁ ነው ማለት አይደለም፤ መሥራት ተፈቅዶልኛል ማለት ነው። መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው መኪና የለውም ተብሎ ፈቃዱ አይሰረዝም። የሁለታችንም ስህተት የቃሉን ትርጉም ከሥራ ጋር ማያያዛችን ነው።

30ውን ሰዓት የጨረሰችው በዘጠኝ ቀን ነው፣ እኔ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ፣ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች። ርዕሶቹን እኔ ነበርኩ የምመርጥላት። አንዱ ስትሮክ ያለበትን በሽተኛ ስለመንከባከብ ነበር። ላፕቶፑን ከደነችውና ቡና ላፍላ ብላ ተነሳች። ያንን ለመጨረሻ አስቀረችው፤ ስትከፍተው ንባቡን አልፋ በቀጥታ ፈተናው ላይ ገባች፣ አንድም አልሳተችም።

ማመልከቻው ገባ። መጠበቅ መጣ። ኦክቶበር 7 አለፈ። ኦክቶበር ሦስተኛ ሳምንት ላይ ኦንላይን ስናየው «አክቲቭ» ይላል፣ እልል አልን። ሜሪላንድ ያለው የሆስፒታሉ ኤችአር (የቅጥር ክፍሉ) ግን መለሰው፤ «ሲንግል ስቴት ነው የሚለው፣ መልቲስቴት ያስፈልገናል።» ለካ መልቲስቴት የሚሰጠው ነዋሪነት ሲረጋገጥ ነው፣ እሷ ያያያዘችው መንጃ ፈቃድ ደግሞ አዲስ አበባ ሳለች አልፎበታል። ያዳነን የታክስ ወረቀት ነው። ዜጋ ስለሆነች ውጭ ሆናም በየዓመቱ የፌዴራል ታክስ ታስገባ ነበር፣ አድራሻውም ቨርጂኒያ ነው። ከነዋሪነት ማረጋገጫዎቹ አንዱ እሱ ነው። ላክነው፤ መልቲስቴት ሆነ።

ሥራ የጀመረችው ኖቬምበር 18 ነው። ስድስት ሳምንት ደሞዝ ሄደ። ጃንዋሪ ላይ ደግሞ የማደሻው ጊዜ ደርሶ 140 ዶላር እንደገና ከፈለች።

የዲሲው? ጁን 30 ቀን 2024 አልፎበታል። ማስታወቂያው አሮጌው አፓርታማ ደርሶ ማን እንደጣለው እንጃ። ፐር ዲየሙ ይቅርብኝ ብላ ተወችው።

## የሠራውና ያልሠራው

የአድራሻው ነገር ሠርቷል። ለሚሄድ ሰው መጀመሪያ የምነግረው እሱን ነው። የታክሱም እንደዚያው፤ ያለ እሱ ነዋሪነቷን በምን እንደምናሳይ አላውቅም። የስልክ ሥራውን እምቢ ማለቷም ሠርቷል። አንድ ሺፍት እንኳ ሠርታ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለ ኢንአክቲቭ አይሆንም ነበር።

ያልሠራው ዋናው ውሳኔ ራሱ ነው። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ለአንድ ለሁለት ዓመት ለሚሄድና ተመልሶ ለሚሠራ ነርስ ኢንአክቲቭ አይጠቅምም። ዋጋው ቀንሶ አይቀርም፣ ወደ መመለሻው ቀን ይሸጋገራል እንጂ፤ መመለሻው ቀን ደግሞ ኪስ ባዶ የሚሆንበት ቀን ነው። ኢንአክቲቭ የሚያዋጣው ጡረታ ለወጣ፣ ሙያ ለቀየረ፣ ወይም ታሞ ሲኢ እንኳ መጨረስ ለማይችል ሰው ነው። ለእነሱ ጥሩ ነገር ነው፤ በሩን ሳይቆልፉ ገርበብ አድርጎ መሄድ ነው።

እሷ እዚህ ላይ አትስማማም። «ያኔ እናቴን እያገላበጥኩ 15 ሰዓት ኮምፒውተር ላይ እቀመጥ ነበር?» ትለኛለች። እውነቷን ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ማታ ማታ እናቷ ሲተኙ ፌስቡክ ላይ አይቻታለሁ፣ ነግሬያታለሁም።

## ለሚሄድ ሰው

ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ላይሰንሱ የሚያበቃበትን ቀን እዩ፤ የልባችሁን ልደት ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ያለውን። ነርሲስ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ራሳችሁን በነፃ ብትመዘግቡ ቀኑ ሲደርስ በኢሜይል ያስታውሳችኋል። ማደሻው እዚያ እያላችሁ የሚደርስ ከሆነ ሲኢውን እዚህ ሆናችሁ ጨርሱ።

ሰርተፊኬቶቻችሁን አውርዱ። ከሆስፒታሉ ሲስተም አውጥታችሁ በራሳችሁ ኢሜይል አስቀምጡ። ሥራ የለቀቃችሁ ዕለት ያ በር ይዘጋል፣ ቦርዱ ደግሞ ከታደሰ በኋላ አምጡ ሊላችሁ ይችላል። ቨርጂኒያ ለሁለት ዓመት መያዝ ግዴታ ነው።

ላይሰንስ ስንት እንዳላችሁ ቁጠሩ። ሁለት ስቴት ያለው ሰው ሁለት ቀን አለው። አንዱን ስትነኩ ሌላው ምን እንደሚሆን ጠይቁ፣ በተለይ ኮምፓክት ውስጥ ከሆናችሁ። የቦርዱ ኮድ የሚላክበት ስልክ እዚያ እንደሚሠራም አረጋግጡ፣ ወይ ወደ ኢሜይል አዙሩት። ስትሮክ፣ ለቅሶ፣ መብራት መጥፋት ባለበት ሳምንት እሱን መፍታት አትፈልጉም። የሲፒአር (የልብና የትንፋሽ ማስመለሻ ሥልጠና) ካርዱም ሁለት ዓመት ነው የሚያገለግለው፤ የእሷም አልፎ ነበር፣ እሱ ግን ግማሽ ቀን ኮርስ ነው፣ አያሳስብም።

ቨርጂኒያ ላልሆናችሁ፦ ካሊፎርኒያ ኢንአክቲቩም እንደ አክቲቩ ሙሉ ክፍያ ነው፤ የሚቀርላችሁ 30ው ሰዓት ሲኢ ብቻ ነው፣ ስትመለሱ ደግሞ እሱን ታመጣላችሁ። ቴክሳስ ከአራት ዓመት በላይ ሙያው ላይ ካልነበራችሁ ለመመለስ ሪፍሬሸር ኮርስ አለ፤ ስለዚህ እዚያ ዋናው ነገር ዓመቱን መቁጠር ነው። ዋሽንግተን ስቴት፣ ሲያትል ያላችሁ ማለቴ ነው፣ በየዓመቱ ከሲኢው ሌላ 96 ሰዓት የሠራችሁበትን ይጠይቃል፤ እዚያ ቁጭ ብሎ ኮርስ መጨረስ ብቻ ስለማይበቃ ከላይ ያልኩት ፍርድ እንዳለ አይሠራም። ኢንአክቲቭ ማድረግ እዚያ ሚዛን ሊደፋ ይችላል። የስቴታችሁን ቦርድ ደንብ ራሳችሁ አንብቡ። እንግሊዝኛው ደረቅ ነው እንጂ ረጅም አይደለም፤ እኔ በአንድ ማታ ጨርሼዋለሁ፣ ሁለት ዓመት ዘግይቼ።

መጀመሪያ ላይ ካነሳኋቸው ሦስት ሰዎች አንዷ ባለፈው ሐሙስ ሄዳለች። ቨርጂኒያ ናት፣ ማደሻዋ ኤፕሪል ነው። ለአዲስ አበባው በረራ ዱለስ ቁጭ ብላ የጻፈችልኝ እንዲህ ይላል፦ «22 ጨረስኩ፣ 8 ቀረኝ። ቦርዲንግ ጠሩ።»